ለመንተባተብ የታሸ መንጋጋ

ዘንድሮ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ራሳችሁን አስተዋውቁ ተባልን። ተራዬ ሲደርስ ስሜ ላይ ተያዝሁ፤ መምህሩ ጠብቀው ጠብቀው ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርሁት የለም፦ በስልክ ያየሁትን አተነፋፈስ፣ በባዶ ሆድ ማር፣ ከምላስ ሥር ጠጠር ይዞ ማንበብ። እያንዳንዱን ደብተሬ ላይ ጽፌ ከአጠገቡ «ለውጥ የለም» እላለሁ።

መካኒኩ አባቴ ይህን ሲያይ መርሳ ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ወሰደኝ። ወጌሻው ስብራትና ወለምታ ያያሉ፤ የተያዘ ምላስም በማሸት ይፈታል ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መንጋጋዬንና ጉሮሮዬን በቅባት ያሹኛል። ሲጨርሱ «በል አባታችን ሆይን በልልኝ» ይላሉ። እኔ ስጀምር፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ክርስቲያን ሁሉ አብሮኝ ይላል። ከሰው ጋር አንድ ላይ ስል ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ተይዤ አላውቅም። አፌን የፈታው ማሸቱ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን አባቴ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁና ዝም አልሁ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ግራና ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አገኘን። ወጌሻው ወደ እኔ ጠቆሙለት።

«ይኸን ልጅ እየው! ሲመጣ እንደ በር ተዘግቶ ነበር። አሁን እንደ ውሃ ይወርዳል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እጃቸው የታሰረ አንዲት እናት።

ገበሬው ዞሮ አየኝ። «እ…እውነት ተ…ተሻለህ? ለ…ለልጄ ሽማግሌ ይመጣል። መ…መልስ የምሰጥ እኔ ነኝ። አ…አጨዳዬን ጥዬ ነው የመጣሁ።»

ለዚህ ሰው መዋሸት አልቻልሁም። እኔ አልተሻለኝም ልለው አፌን ከፈትሁ። «እ…» ላይ መንጋጋዬ ተቆለፈ።

«እግዜር ይመስገን ነው የሚልህ» አለ አባቴ ፈጠን ብሎ።

«ደስታ ነው ያነቀው!» አሉ ወጌሻው። «አብሽር የኔ ልጅ!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። እንደገና ሞከርሁ፤ አሁንም እዚያው ላይ ቀረሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ዓረፍተ ነገሬን ሊጨርስልኝ ያልቸኮለ ገበሬው ብቻ ነበር። ዓይኑን ከአፌ ላይ ሳይነቅል ቆሞ ጠበቀኝ።

«ና ተጋደም፣ ሰው ተራ ይጠብቃል» ብለው ወጌሻው ክንዱን ያዙት። ቁርበቱ ላይ በጀርባው ተኛና ዓይኑን ጨፈነ። እጃቸውን ቅባት ሲያስነኩ ከእሱ ሁለት እርምጃ አልርቅም ነበር። አሁንም ልነግረው እችል ነበር።

አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «በል ልጄ፣ እንሂድ። መኪና ያመልጠናል።»

«እሺ» አልሁት።

እሺ ላይ ተይዤ አላውቅም።