ሁሉም ስለ ላም የጻፈበት ሰኔ

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ትምህርት ቤት አላስተማረኝም ማለቴ አይደለም፤ አስተማሪያችን ዱላቸውን ይዘው የቻሉትን ያህል ጭንቅላታችን ውስጥ ከተዋል። ነገር ግን በቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን ያቺን ተንኮለኛ "ስ" የገራልኝ ወንድሜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች "ብራዘርስ" ሲሉ ወንድሞች ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ የወንድሜ ማለታቸውም ሊሆን ይችላል፤ ወንድሜ እየመጣ ነው ለማለት ጀምረው ያልጨረሱትም ሊሆን ይችላል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ከፊደሎቹ በላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት ናት። አስተማሪያችን "አፖስትሮፊ" ይሏታል። ለእኛ፣ ቤት ውስጥ ወላይትኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ ለምንናገረው የሶዶ ልጆች፣ ስሟን መጥራት ራሱ አንድ ፈተና ነበር።

ወንድሜ ከጓሯችን እንሰት ሥር ቀዩን አፈር በመዳፉ ደልድሎ በእንጨት ይጽፍና በጭረቷ ፋንታ አንዲት የተቆላች የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጣል።

"ፍሬ ከሌለ ብዙ ናቸው፤ አለቀ" ይለኛል። "ፍሬ ካለ ወይ የሰው ንብረት ነው፣ ወይ የተዋጠ ፊደል አለ። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፍሬዋን አንሺና በቦታዋ 'ኢዝ' ብለሽ አንብቢው። ከቆመ ፊደል ተውጧል። ከወደቀ ንብረት ነው።"

'ብራዘር ኢዝ ካሚንግ' ይቆማል። 'ብራዘር ኢዝ ኮት' ይወድቃል፤ ወንድም ኮት አይሆንማ። ባለቤቶቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ፍሬዋ ከ"ስ" ኋላ ትሄዳለች። ካወቅሁ ፍሬዋን እበላታለሁ፤ ካላወቅሁ እሱ ይበላታል። መጀመሪያ ሰሞን ሆዱን ሞላ። በኋላ እኔ ጠገብኩ።

አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ያቋረጠው እሱ ነው። እንደ ብዙዎቹ የወላይታ ጎረምሶች አዋሽ ዳር ወዳለው ሸንኮራ እርሻ ወረደ። ሲሄድ "ሚኒስትሪውን አልፈሽ ጠብቂኝ፤ ለጊፋታ እመጣለሁ" አለኝ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዘመኑም ሃምሳዎቹ አጋማሽ። ካለፍኩ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ እገባለሁ። ከወደቅኩ እዳራለሁ፤ በዴሳ አካባቢ ከብቱ የበዛ አንድ ሰው ለእናቴ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከብቶቹን አይቼ አላውቅም፤ ግን እጠላቸው ነበር።

ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ፣ ሰፈሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ይዞታል። ምንጩ ጋ ስደርስ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ወሬያቸውን ቁርጥ አደረጉት። ሰው ሲያልፍ ወሬ መቁረጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላላ። እነዚህ ግን ካለፍኩም በኋላ አልቀጠሉም። ዞር ስል ሁሉም እንስራቸውን እንዳቀፉ እኔን ያያሉ። ጉሙ መሐላቸው ገብቶ የአንዳንዶቹ ፊት ብቻ ይታየኛል። አንዷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ከመንገዱ ማዶ ከጉራጌ አገር የመጡ አንድ ጎረቤታችን ሱቅ ነበራቸው። በእኔ ሳያሾፉ ቀን አይመሽላቸውም። "እንግሊዟ መጣች! ንግሥትሽ ደህና አደረች?" ይሉኛል፤ እኔም የማልመልሰው ነገር የለም። የዚያን ዕለት ከመደርደሪያቸው ኋላ ብድግ አሉና ቆባቸውን አነሡ። ሽማግሌ ሰው፣ ለእኔ። ቀልድ መስሎኝ "ጋሼ፣ ምን ተገኘ ዛሬ?" አልኳቸው።

"ምንም። ሂጂ ልጄ፣ ትምህርትሽ እንዳይረፍድብሽ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ዕቃው አዞሩ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ባሰ። አስተማሪያችን የዚህችኑ የ"ስ"ን ነገር ሊከልሱልን ሰሌዳው ላይ "ብራዘርስ ሃውስ" ብለው ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ አላዩም፤ አለማየታቸው ግን ታወቀኝ። ከዚያ በእጅጌያቸው አጠፉትና "ካውስ ሃውስ" ብለው ጻፉ። የላሟ ቤት። ወንድምን በላም ቀይረው ሲጽፉ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፤ ያ ክፍል ደግሞ ዝንብ ቢያልፍ የሚስቅ ክፍል ነበር።

ቀጥለው ሁላችንም የየራሳችንን ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዙን። አንዱ ተነሥቶ የላሟ ጆሮ አለ። ሌላዋ የላሞቹ ሣር አለች። ሌላው ላሟ እየበላች ነው አለ። በክፍላችን ወንድም ያለው ሰው ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ስለ ወንድሞቻቸው ኳስ፣ ስለ ወንድሞቻቸው በቅሎ ሲያወሩ የነበሩ ልጆች ሁሉም በአንድ ሌሊት ባለ ላም ሆኑ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግራ ተጋብቼ ሰሌዳው ላይ ጭረቷን ያለ ቦታዋ አስቀመጥኩ። ለዚህች ስህተት በደህናው ቀን መዳፌ ይቀላ ነበር። አስተማሪያችን "ግድ የለም፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ያላመመኝ ያ ዱላ ከተመታሁት ሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ።

እሁድ ቸርች ሄድን። ድሮ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ "ወንድምሽ ሰላም ነው ወይ? ሰላምታ ላከ ወይ?" እያለ ያደርቀኝ ነበር። ያን ዕለት ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌዎቹ ለፈተና የሚቀርቡትን እንጸልይላቸው ብለው ወደ ፊት አወጡን። በሌሎቹ ራስ ላይ አንድ አንድ እጅ አረፈ። በእኔ ላይ የተደራረበው እጅ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ አንገቴ እስኪጎብጥ ከበደኝ።

እኔም ደመደምኩ። ልሞት ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው ፊቱ ላይ ይታወቃል ሲባል እሰማ ነበርና ሰዉ ሁሉ የሚያየው የእኔን ሞት ነው አልኩ። በቸርቹ መስኮት መስታወት ፊቴን አየሁት። ያው የእኔ ፊት ነው፤ ትንሽ ከስቷል። ሌሎቹ የሚያዩት ለእኔ የማይታየኝ ነገር ይኖራል ብዬ ፈራሁ።

እናቴን ጠየቅኋት። ድስት እያጠበች ነበር።

"እማዬ፣ እኔ ልሞት ነው እንዴ?"

እጇ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። ሰው ሁሉ ያየኛል።"

"ፈተና ስላለብሽ ነው የሚያዩሽ። አንቺ አትሞቺም" አለች። "አንቺ" የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጋ ነው ያለቻት። ከዚያ ድስቱን ሳትጨርስ ወደ ጓሮ ሄደች።

በዚያ ሰሞን ጓሮ ማዘውተር ጀምራ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከቤት ኋላ ባለችው አግዳሚ ላይ ሳጠና፣ እሷ እንሰቱ ውስጥ ትገባለች። ነፋስ ሳይኖር መሐል ላይ ያሉት ቅጠሎች ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ አፉ የታሰረ ጥጃ የሚያሰማው ዓይነት። ገብቼ ማየት ፈራሁ። ሞቴ ከዚያ ውስጥ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። እንዳልሰማው እንግሊዝኛዬን ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ ላሟ እየበላች ነው፣ ላሞቹ ብዙ ናቸው። እናቴ ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነው፤ ታጥባ ነው እላለሁ። ድምፅዋም ሰልሎ ነበር። ብርድ ነው አለችኝ።

ነጠላዋን ሳጥብላት ጫፉ ተበሳስቶ አገኘሁት። ጥለቱ እየተነከሰ ተበጣጥሷል። በሚቀጥለው ጊዜ ሳጥበው ደግሞ ሌላው ጫፍ።

"አይጥ ገብቶብናል" አልኳት። "ያውም ድመት የሚያህል ነው መሰለኝ። ካለሽ ልብስ ሁሉ መርጦ የሚበላው ነጠላሽን ብቻ ነው።"

"ትልቅ አይጥ ነው" አለች እናቴ።

እኔ ነገር ከያዝኩ አለቅም። ማዶ ተሻግሬ ከባለ ሱቁ የአይጥ ወጥመድ ተዋስኩ። "ምን ነክቷችሁ ነው?" አሉኝ። የእናቴን ነጠላ አይጥ እየበላው ነው አልኳቸው። እኝህ ወሬኛ ሰውዬ ወጥመዱን አንሥተው ሰጡኝና ሚዛናቸውን መወልወል ጀመሩ። ቦዬ ከሚባለው የአገራችን ሥራ ሥር ቁራጭ አድርጌበት ከበር ኋላ አጠመድኩት። በየጠዋቱ ሳየው ቦዬው እንዳለ ነው፤ ነጠላው ግን መበላቱን አላቆመም።

በዚህ ሁሉ መሐል የምጽናናው በወንድሜ ነበር። መሞቴ ካልቀረ ጊፋታ አልፎ ይሁን፣ እሱን አይቼው ይሁን ብዬ እጸልይ ነበር።

ፈተናው ደረሰ። መጨረሻ ላይ የተቀመጥነው ለእንግሊዝኛ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አስተማሪያችን በረድፎቹ መሐል ይመላለሳሉ። ወረቀቱን ገልብጬ ወደ ታች ስወርድ ጭረት አስገቡ የሚል ትእዛዝ አገኘሁ፤ ከሥሩ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ስለ ወንድም ነበር። የወንድሜ ጫማ በር ላይ ነው ይላል። ሰኔን ሙሉ ስለ ላም ሳነብ ከርሜ ያቺን ቃል ሳያት ደስ አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ የደበቃትን ቃል ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት ዝም ብሎ ጽፏታል። ወረቀቱ ምንም አልሰማም ነበር።

ፍሬዋን በሐሳቤ አነሣሁና 'ኢዝ' አልኩ። ወንድም ጫማ አይሆንም፤ ወደቀ። ስለዚህ ንብረት ነው። አንድ ነው ወይስ ብዙ? እኔ ያለኝ ወንድም አንድ ነው። ጭረቷን በቦታዋ አስቀመጥኩ። ቀና ስል አስተማሪያችን ከትከሻዬ በላይ ሆነው ወረቀቴን ያያሉ። ወደ መስኮቱ ሄዱና ጊዜው እስኪያልቅ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

ስመለስ ዝናቡ አባርቷል። ምንጩ ጋ ሰው የለም። ሱቁ ተዘግቷል። በመንገዱ ላይ ዶሮ እንኳ አላየሁም። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ለነገ የቀረ የለም?"

"የለም። አለቀ።"

"እርሳስሽን አስቀምጪ" አለችኝ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረችው፤ ሴት ለለቅሶ እንደምታሥረው። ያኔ ያ የተበሳሳው ጥለት ከዓይኔ ፊት ለፊት ሆነ።

"ወንድምሽ ሞቷል" አለች። "ወባ ነው። ከተቀበረ ቆየ።"

ከዚያ አፏን ከፈተችው። ድምፁን አወቅሁት። እንሰቱ ውስጥ የነበረው ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ነክሳ የምታፍንበት ነጠላ አልነበረም።

ሁለተኛውን ጩኸት ሳትጀምር የእንሰቱ ቅጠል በሁሉም በኩል ተከፈተ። የምንጩ ሴቶች፣ የቸርቹ ሽማግሌዎች፣ ባለ ሱቁ፣ ሁሉም ከውስጥ ወጡ። ዝናቡን እዚያው ሆነው አሳልፈውታል፤ ልብሳቸው ከገላቸው ተጣብቋል። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው አላሳለም፣ አንድ ሕፃን አላለቀሰም። የሚጠብቁት የእናቴን ድምፅ ነበር። በግራ በቀኝ ያዙኝ። እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሞት ዝም ብሎ አይነገርም፤ መርዶ ጊዜና ቦታ ይመረጥለታል። ፈተና ያለበት ልጅ ደግሞ እስኪፈተን አይረዳም። ይህን አውቅ ነበር፤ በሌሎች ልጆች ላይ ሲደረግ አይቻለሁ፣ እኔም ከደባቂዎቹ አንዷ ሆኜ አውቃለሁ። በራሴ ላይ ሲደረግ ግን አላወቅሁትም። መርዶው መጀመሪያ የተነገረው፣ እኔ በሌለሁበት ቸርች ውስጥ፣ ለእናቴ ነው። የተረዳች ዕለት እዚያው ቸርች ውስጥ "ልጄ ሳትፈተን ማንም አፉን እንዳይከፍት፤ እኔም አልከፍትም" ብላ ሰዉን ያስማለችው እሷ ራሷ ነበረች።

ውጤቱ የመጣው ጊፋታ ሰሞን ነው። አልፌአለሁ። በየቤቱ ከብት ሲታረድ በእኛ ቤት እሳት አልነደደም። በማግስቱ ቤት ስጠርግ ወጥመዱን ከበር ኋላ አገኘሁት፤ ቦዬው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አራግፌው ማዶ ተሻገርኩ።

ባለ ሱቁ ተቀበሉኝና ሽቦውን በጣታቸው ሞከሩት።

"ያዘልሽ?"

"አልያዘም ጋሼ። አይጥ አልነበረም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉና ወጥመዱን ወደ መደርደሪያው መለሱት።