የጃፓኑ ደራሲና የእህቴ ዝምታ

እህቴ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ጎረቤት ስልክ እየደወለች እናታችንን ታስቃት ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። የላካት ደላላ ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበረው። በየሳምንቱ እየሄድኩ ስጠይቀው፣ "አሠሪ ቀይራ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ ትደውላለች" ይለኛል። አንድ ቀን ስሄድ ሱቁ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ማንን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር።

ያኔ ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ጠዋት ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከሰዓት እመለሳለሁ። አብረውኝ የሚመላለሱ አንድ አዛውንት መምህር፣ አውቶቡስ ውስጥ ፈዝዤ ሲያዩኝ ከቦርሳቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝ።

"የጃፓን ሰው የጻፈው ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ" አሉኝ። "እኔስ አልገባኝም። አንተ ሞክረው፤ ጭንቀትህን ትንሽ ያስረሳህ ይሆናል።"

አላስረሳኝም። ልቦለዱ ውስጥ እናቱ ፎቅ ላይ ታማ የተኛችበት ሰው አለ። በየቀኑ ሾርባ ይዞላት ይወጣል። አንድ ጠዋት ደረጃው በአንድ እርከን ጨምሮ ያገኘዋል፤ በማግስቱ ደግሞ በሌላ። ጎረቤቶቹ አይደነቁም፤ እሱም አናጺ አይጠራም። ይወጣል ብቻ። በኋላ ቀኑን ሙሉ ወጥቶም አይደርስም፤ ድምፅዋን ግን ይሰማል። እስከዚያ ቀን ባነበብኳቸው ልቦለዶች ሰው የሚራበው ድርቅ መጥቶ ነው፣ የሚጠፋውም ጦርነት ሄዶ። ይሄኛው ደራሲ ግን ለምን እንደሆነ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የእኛን ቤት የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

እሑድ ከሰዓት ታሪኩን በአማርኛ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ።

"ደረሰ?" አለችኝ መጨረሻ ላይ።

"አልደረሰም፣ እማ። መጽሐፉ እዚያው ላይ ያልቃል።"

"ወላሂ፣ ይሄን የጻፈው ሰውዬ የጠፋበት ሰው አለ" አለች። ደግሞም፣ "ካልደረሰስ ለምን ይወጣል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ያጽናናታል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን፣ "ስልክ አልተደወለም?" ማለቷን ተወች። ጎረቤት ቢጠራትም እንደ ድሮው አትሮጥም። የቀራትን ተስፋ የወሰድኩባት እኔ እንደሆንኩ አስባለሁ።

እህቴ እስከ ዛሬ አልደወለችም። ሞታለች ያለንም የለም። ዘመዶቻችን ለቅሶ እንቀመጥ ሲሏት እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። ዒድ ካለፈ በኋላ ብቻ የእህቴን ልብሶች አጥባ፣ አጣጥፋ ለሰፈራችን አንዲት ልጅ ሰጠቻት። በሳምንቱ ልጅቷ የእህቴን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ልትሰናበተን መጣች። እሷም ወደዚያው ዐረብ አገር መሄዷ ነበር።

እናቴ ሁለት እጇን ያዘቻት። "አላህ ይጠብቅሽ" አለቻት። እኔም በር ድረስ ሸኘኋት እንጂ፣ አትሂጂ የምልበት አፍ አላገኘሁም።