የተቀጽላ ዘመዶች

ልጅ ሳለሁ፣ በምዕራቡ የቡና አገር፣ ዳሪሙ ውስጥ፣ ከቡና ማሳችን ማዶ አባባ ቶለራ የሚባሉ ንብ አርቢ ሽማግሌ ነበሩ፤ አዲስ ቀፎ ባጠኑ ቁጥር ለሰፈሩ ልጆች ተረት ይነግሩን ነበር። ንብ ጠረኑን ካልወደደችው ቀፎ ውስጥ አትገባምና ማጠኑ የግድ ነው። ረጅሙን ቀፎ ከፍሙ በላይ አጋድመው፣ የወይራ ቅጠል ጣል እያደረጉ፣ ጭሱ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ ያኔ እኛ ዐይናችንን እያሸን ኩራዙን ከበን እንቀመጣለን። ሕጋቸው ግልጽ ነበር፤ ቅጠል ያመጣ የቅጠሉን ተረት ይሰማል፣ ተረት ያቋረጠ ደግሞ ራሱ ይጨርሰዋል። ይህን ፈርተን አንዳችንም ትንፍሽ አንልም።

እሳቸው ዕፀዋትን የሚመድቡት በንብ ነበር። ንብ የምትቀስማቸው ለብቻ፣ ቀፎ የሚሸከሙት ለብቻ፣ ለጭስ የሚሆኑት ለብቻ። ከሁሉም በላይ ግን ነጩ ማር የሚገኝባት ገተማ የምትባለው ዛፍ ነበረች፤ «እመቤቲቱ» ነበር የሚሏት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ዋንዛ ላይ የበቀለ ተቀጽላ አሳየችኝና፣ «እናንተ ሰፋሪዎች እንደዚህ ናችሁ። ሥር የላችሁም፣ የሰው ትጠጣላችሁ» አለችኝ። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚያው ዳሪሙ ተወልጄ፣ መሳደብም መማልም በኦሮምኛ የለመድኩ ልጅ ነኝ። የዚያን ቀን ግን በሁለቱም ቋንቋ መልስ አጣሁ። መልስ ማጣቴ ከስድቡ በላይ አንገበገበኝ። ዋንዛው ላይ ወጣሁና ተቀጽላውን ከነቀይ አበባው ገንጥዬ፣ ሲመሽ ለአባባ ቶለራ ሰጠኋቸው። መልሱን ከተረቱ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

እሳቸው ምን እንደተባልኩ አያውቁም። እንደ ወትሯቸው ጀመሩ፤ ፈጣሪ ለዕፀዋት ሁሉ መሬት ሲያድል፣ ተቀጽላ ሰነፍ ናትና ተኝታ አረፈደች። ብትመጣ መሬቱ አልቋል። ከዚያ ወዲህ በሌላው ጫንቃ ላይ ትኖራለች፣ ሥርም ዘመድም የላትም። ያቺ ልጅ ከኩራዙ ማዶ ተቀምጣ ፈገግ አለችብኝ።

«ኩን ሶባ! ውሸት ነው!» ብዬ ተነሣሁ።

አባባ ቶለራ ቀፎውን አዙረው አስተካከሉና፣ «እንግዲህ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ። ጨርሺው» አሉኝ።

ተቀጽላ አልተኛችም፣ አልኩ። አገሯ ድርቅ ገብቶ ከሩቅ ስትጓዝ ነው የዘገየችው። ስትደርስ ዛፎቹ ሁሉ «ሥር የሌለው ዘመድ የለውም» አሏት። ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ። ንቧን ላምጣት ብዬ አሰብኩ፤ ንብ ስትታሰበኝ ማሩ፣ ማሩ ሲታሰበኝ ገተማ ትዝ አለችኝ።

«ገተማስ?» አልኩ። «ገተማም ስትበቅል በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ ነው! እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ፣ አባባ። እሷን እመቤት ብለው ተቀጽላን ሰነፍ ይላሉ?»

አባባ ቶለራ ጭሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ማሯን እየበላሁ እመቤቲቱን ስሰድብ ኖሬያለሁ ለካ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት ሲያወሩት እኔ በጨረስኩት መንገድ ነበር። ልጅቷ አልሳቀችም፤ እኔም ይቅርታ አልጠበቅሁም።

ዛሬ መቱ ከተማ ስለ ዕፀዋት አመዳደብ አስተምራለሁ። እውነት ለመናገር የልጅነት ክርክሬ ቀዳዳ ነበረው፤ ገተማ ከተሸከማት ዛፍ አትጠጣም፣ ተቀጽላ ግን ትጠጣለች። አልክድም። ምግቧን ግን በገዛ ቅጠሏ እንደምታበስልም አልደብቅም። ተማሪዎቼ ቅርንጫፍ ስሰጣቸው አንዱ አይጠፋም፣ ተቀጽላን «ሌባ» ብሎ የሚመድብ። ያኔ ደሜ ይፈላል። ዕፀዋትን የምንለያቸው በአበባቸው፣ በፍሬያቸው፣ በዘራቸው ነው፤ ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ምን ላይ ቆመ ብለን አይደለም። ተቀጽላም እንደ ዋንዛው የራሷ ቤተሰብ አላት፣ ዘመዶቿም በየአገሩ ሞልተዋል። ባለርስት የሚባል ቤተሰብ፣ መጤ የሚባል ወገን ስንት ዓመት ሳገላብጥ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

አባባ ቶለራ አርፈዋል፤ አባቴም የተቀበረው እዚያው ዳሪሙ፣ ከእሳቸው ብዙም ሳይርቅ ነው። አሁንም ግን በታክሲ ውስጥ፣ በስብሰባ ላይ፣ ያንን የድሮውን ተረት የሚጀምርልኝ ሰው አይጠፋም፤ ማን ሥር እንዳለው፣ ማን እንደሌለው። አቋርጠዋለሁ። ሕጉን አውቃለሁ፤ ራሴ እጨርሰዋለሁ።