ከንፈሬ አይታመንም

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ልጅ አትስምም ነበር። እዚያ ሱዳን፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ዴም ሰፈር ወዳለው ኪራይ ክፍላችን ስትመለስ፣ ሮጬ ስጠመጠምባት ግንባሬን በመዳፏ ገፋ አድርጋ «ያላ፣ ሂጂ፤ ከንፈሬ አይታመንም» ትለኝ ነበር። ከንፈሯ ላይ ምች ይመላለስባታል። እኔ ግን ሰበብ ነው እል ነበር። አባቴ ሱዳናዊ ስለሆነ የምትጸየፈኝ ይመስለኝ ነበር።

አድጌ ላቦራቶሪ ስማር ላስረዳት ሞከርኩ። «አክስቴ፣ ምች ቫይረስ ነው። ቁስሉ ሲድን ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የራስሽ ሕዋስ ፕሮቲኖች ናቸው ዘረመሉን ጠቅልለው ዝም የሚያሰኙት።»

«የራሴ?» አለች አፍጥጣ። «ከያዙት ታዲያ ለምን አያስወጡትም? ከእሱ ጋር ተስማምተው ነው እንጂ!»

ሳቅኩ።

ባለፈው ሳምንት አረፈች። አጥበው ከፈን ሲያለብሷት ጎንበስ ብዬ ጉንጯን ሳምኩ። ግንባሬን የሚገፋ እጅ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሬን ቆጠቆጠኝ። ምች ነው፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። ከታጠበ ጉንጭ የተያዝኩ አይመስለኝም። ሐዘንና ድካም የተኛውን እንደሚቀሰቅሱት ተምሬያለሁ። እንግዲህ ስንት ዓመት ውስጤ ተኝቶ ኖሯል ማለት ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ስሞኛል። ማን እንደሆነ የትኛውም ምርመራ አይነግረኝም። እናቴም አባቴም ምች ሲወጣባቸው አይቼ አላውቅም።

አክስቴ፣ እኔ የምጠረጥረው አንቺን ነው። ሕፃን ሳለሁ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ማንም ሳያይሽ።