የወይዘሮ ዕፀገነት ግንብ ቁመት

ወይዘሮ ዕፀገነት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመርፌ ሰው ሲያስለቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአብነት ሰፈር ነርስ ናቸው፤ ማንንም አይፈሩም። የግቢያቸው አፈር እየተናደ ታች ወዳለው የአቶ ዓብዱልሰላም ግቢ መውረድ ሲጀምር፣ ግንበኛ ጠርተው የአፈር መደገፊያ ግንብ አሠሩ። ፈቃድ አውጥተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «አፈሩ ሲናድ ማንን አስፈቀደ?» አሉ።

አንድ ሐሙስ ወጣት የግንባታ ተቆጣጣሪ ሜትሩን ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ግንብ ያለ ፈቃድ አይሠራም።»

«ለካዋ!»

በእሳቸው በኩል ግንቡ ከጉልበት አይዘልም። ላዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ይሄ ወንበር እንጂ ግንብ አይደለም» ሲሉት፣ ልጁ ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያን ጊዜ አቶ ዓብዱልሰላም ከታች ጮኹ። «ልጄ፣ እዚህ ወርደህ ለካ! የሳቸው ወንበር እኔ ጋ ከጣሪያዬ እኩል ነው!»

ልጁ ወርዶ ሲለካ ሁለት ሜትር ከሰባ ሆነ። እንግዲህ ወይ ይፈርሳል፣ ወይ ጎረቤት በፊርማው ተስማምቶ ፈቃድ ይወጣል።

ወይዘሮ ዕፀገነት በዶሮ ሰበብ ስድስት ዓመት ካኮረፏቸው ጎረቤት ደጅ፣ የራሳቸውን ሞት እየተመኙ፣ ቅጹን ይዘው ቆሙ። አቶ ዓብዱልሰላም ሁለቴ አነበቡት።

«እፈርማለሁ። ግን የግንቡን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ያርቁልኝ። ትናንት ሲዘንብ ሚስቴ የውሃውን ድምፅ ሰምታ፣ አልጋ ላይ የሸናሁ መስሏት ጮኸችብኝ።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በሳምንቱ ውሃው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ዞረ። ፈቃዱ ግን ሦስት ወር ፈጀ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞችም ሦስቱን ወር ተቆጣጣሪውን አብረው ሲያሙ ከረሙ።