የፊንዲሌ አስራ ሁለት ደቂቃ

ፊንዲሌ ምቴትዋ ከሱቄ ሦስት ቤት አልፎ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደርባን ከተማ ወርዳ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች፤ ቅዳሜና እሁድ ዲጄ ናት። ሠርግም ይሁን ከቀብር መልስ ሐዘን ማስረሻ፣ በሰፈራችን በኡምላዚ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ትጠራለች። የምታጫውተው ጎም የሚባለውን፣ ቃሉ ጥቂት ከበሮው ግን ደረት የሚደልቅ የሰፈራችንን ሙዚቃ ነው።

እናቷ አይወዱላትም ነበር። “ሴት ልጅ ድምፅ ማጉያ ተሸክማ ስትዞር ማን ያገባታል?” ይሏታል።

“ማጉያውን የሚሸከምልኝ ነዋ፣ እማ።”

በዚያ ዓመት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የዲጄዎች ውድድር አወጀ። ሕጉ አጭር ነው። አስራ ሁለት ደቂቃ የተቀናበረ ሙዚቃ ይላካል፤ አንዲት ሰከንድ ካለፈ ይጣላል። ያሸነፈ በገና ሰሞን ባሕሩ ዳር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይጫወታል።

“ሁለት ሰዓት አጫውቺ ቢሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፣ አጎቴ” አለችኝ ዳቦ ልትገዛ መጥታ። “አስራ ሁለት ደቂቃ ግን ያስለቅሳል። የምወደውን ሁሉ እየጣልኩ ነው የምውለው።”

የሚያግዛት ቤኪቴምባ ንዛማ ነበር። ቤኪ ከኡምላዚ ወደ ደርባን ከተማ የሚመላለስ የታክሲ ሹፌር ነው፤ አርባን የተሻገረ፣ ሳቂታ፣ የሦስት ልጆች አባት። ከኋላ ወንበር ሥር ያስገጠመው ማጉያ በታክሲ ተራው ሁሉ ወደር አልነበረውም። እኛ ዘንድ አዲስ ሙዚቃ መጀመሪያ የሚፈተነው ታክሲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ስትሄድ ከጎኑ ጋቢና ትቀመጣለች፤ የሠራችውን ይከፍትላታል፤ እሷ ዞራ ተሳፋሪውን እያየች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

“ከተራው እስከ ድልድዩ አንድ አንገት ካልተነቀነቀ ዘፈኑ ሞቷል፤ ቅበሪው” ይላታል።

“ሁሉንም አስቀበርከኝ እኮ፣ ጋሼ።”

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ልብስ የለበሱ አሮጊት ከኋላ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። “ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ ቁርሴን አናወጠው።”

“የቱ ጋ ነው፣ እማማ?” አለች ብዕሯን አንስታ።

“ያ ውሻ ሲያላዝን የሚመስለው ጋ።”

ያንን ድምፅ በማግስቱ አወጣችው። ቤኪ ሳምንቱን ሙሉ “አሮጊቷ ዳኛ” እያለ ሳቀባት።

ያስቸገራት ሰባተኛው ደቂቃ ነው። አንዱ ዘፈን ሲወጣና ሌላው ሲገባ ሁለቱ ከበሮዎች እኩል መርገጥ አለባቸው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ያነክሳል። “ሰው አይነግርህም፣ ገላው ግን ያውቃል” ትለኝ ነበር። መስኮቱን በጣቱ ሲመታ የነበረ ሰው እዚያ ሲደርስ ጣቱን ያቆማል። አራት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው፤ አራቱንም ጊዜ ጣቱ ቆመ።

ሙዚቃው የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ እኩለ ቀን ነበር። ረቡዕ ማታ አካባቢው በወሬ ታመሰ። በከተማው መስመር የሚጣሉት ሁለቱ የታክሲ ማኅበሮች ድርድር ፈርሷል፤ ከነገ ጀምሮ የቤኪ ማኅበር ታክሲ በዚያ መንገድ እንዳይታይ ሌላኛው ማኅበር ዝቷል። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ሰፈር እንደ ዋዛ አይታለፍም። ባለፈው ጊዜ ስድስት ሰው ነው የተቀበረው።

ፊንዲሌ ሱቄ መስኮት ሥር ቆማ ስልክ ደወለችለት። አምስተኛውን ሙከራ ጨርሳ ነበር።

“ጋሼ፣ ነገ አትወጣም አይደል?... አውቃለሁ። አንድ ዙር ብቻ ቢሆን? በማለዳ፣ ማንም ሳይነቃ።” ያላትን አዳምጣ ሳቀች። “እሺ፣ ዶሮ ሳይጮህ እመጣለሁ።”

ስኳር እየመዘንኩ ሁሉንም ሰማሁ። ተይ ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። በሰው ጉዳይ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ማለዳ ታክሲው ከተራው ሲወጣ ዘጠኝ ሰው ይዟል። ድልድዩ ጋ መብራት ያዘው። ነጭ መኪና ከጎኑ መጥቶ ቆመ፤ ፊንዲሌ ሰዎቹን ዞራ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ተሳፋሪዎቹ ላይ ነበር። ጥይቱ የገባው በቤኪ በኩል ነው። ታክሲው በራሱ ተንከባሎ የትምህርት ቤት አጥር ላይ ተደገፈ። ሁለት ሰው መስታወት ቆረጣቸው። ፊንዲሌ አንዲት ጭረት አልነካትም። ቤኪ እጇን እንደያዘ እዚያው ሞተ።

ሙዚቃውን የሚያጠፋ አልነበረም። ፖሊስ መጥቶ ቁልፉን እስኪያዞር ድረስ ይጮህ ነበር።

“አንድ ነገር ልንገርህ፣ አጎቴ” አለችኝ ከወራት በኋላ። “ሰው ይጮሃል፤ ደሙ ቀሚሴን አርሶታል። ጆሮዬ ግን እየሰማ ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ አላነከሰም። እኔም ‘ተስተካከለ’ ብዬ አሰብኩ። እሱ እየሞተ እኔ ይሄን አሰብኩ።”



ዓርብ ጠዋት ወደ ቤኪ ቤት ሄደች። እኔም ለለቅሶ ሄጄ ስለነበር በሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ባለቤቱ ማዞንዲ፣ ለለቅሶ ዕቃው በወጣለት ክፍል ፍራሽ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። ፊንዲሌ ፊቷ ተንበረከከች።

“የጠራሁት እኔ ነኝ፣ እታለም።”

“አውቃለሁ” አለች ማዞንዲ። “ሲያወራሽ አጠገቡ ነበርኩ። አትሂድ አልኩት። ‘ልጅቷ ትታየኛለች፣ ታሸንፋለች’ አለኝ።” ቀና ብላ ጠየቀቻት። “ላክሽው?”

“አልላክሁትም።”

“ጊዜው መቼ ነው የሚያልፈው?”

“ዛሬ፣ እኩለ ቀን።”

ማዞንዲ ወደ ግድግዳው ዞረች። “ላኪው፣ ተይው፣ እንደፈለግሽ። ብታሸንፊ ግን ሙዚቃው እኔ ጋ እንዳይሰማ።”

ፊንዲሌ ከዚያ ወጥታ ሱቄ መጣች፤ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። ረጅም ሰዓት አልነካችውም። ሊያልፍ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። ለምን እንደላከች ጠይቄያት አላውቅም።

ሁለተኛ ወጣች። ሬዲዮው አስራ ሁለቱንም ደቂቃ ለቀቀው፤ ጎረምሶቹ በስልክ ቀዱት፤ ሳምንት ሳይሞላ በከተማው መስመር ታክሲ ሁሉ ይሰማ ጀመር። በዚያን ጊዜ መስመሩ የሌላኛው ማኅበር ሆኗል። የቤኪ ጓደኞች ከፊሉ ሸሽቷል፣ ከፊሉ እነሱኑ ተቀላቅሏል። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀና ቀረ።

አንድ ጠዋት ሥራ ልትሄድ ተሳፍራ ሳለ ሙዚቃዋ ተከፈተ። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ አያውቃትም።

“ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው” አለችው።

“ምን ነካሽ እህቴ? ከተማው ያበደለትን!”

“እንግዲያው አውርደኝ።”

“ሰዎች፣ ጆሮ የሌላት ሴት ተሳፍራለች” አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። መሐል መንገድ ወረደች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሁለት ሳምንት ጨለማ ሳይገፈፍ እየተነሳች በእግሯ ሄደች፤ አርፍዳ ስትደርስ ከሥራ አሰናበቷት።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ወለል ትወለውላለች። ደመወዙ ያንሳል፤ በእግር ግን ይደረሳል። ድግስ ላይ ሲጠሯት “ከሙዚቃ እጄን አውጥቻለሁ” ትላለች። የሙዚቃ ዕቃዎቿን ከፓይንታውን ከተማ ለመጣ አንድ ልጅ ሸጠቻቸው። እናቷ ያ ጫጫታ ይቅር ሲሉ የኖሩት፣ አሁን ቤቱ ጭር አለብኝ እያሉ እኔ ጋ መጥተው ይቀመጣሉ።

ዓመት ሲሞላ ማዞንዲ ጥቁር ልብሷን አወለቀች። ሰፈሩ ተሰብስቦ በሬ ታረደ፤ እኔም ለስላሳ ይዤ ሄድኩ። ማንም ያልጠራት ፊንዲሌ ከማለዳ ጀምሮ ጓሮ ሆና ድንች ስትልጥ፣ ሳህን ስታጥብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምግቡ ሲያልቅ ወጣቶቹ ማጉያ አወጡና ሙዚቃ ከፈቱ፤ ከብዙዎቹ አንዱ የእሷ ነበር። ግቢው በአንዴ ጭፈራ ሆነ። ፊንዲሌ አልወጣችም፤ አንገቷን ደፍታ ትልቁን ድስት በአሸዋ መፈግፈጓን ቀጠለች።

ማዞንዲ በጓሮው በር ብቅ አለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መሬቱን ሲያናውጥ የነበረውን ድምፅ ቆማ አዳመጠችው።

“ይሄ ነው?” አለቻት።

“አዎ።”

ማዞንዲ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከጎኗ በርከክ አለችና የድስቱን ሌላ ጎን ያዘች። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ አብረው ፈገፈጉት።