ዲበገሩና አባቴ የተከታተለው ሰው

ዛሬ ጉለሌ ቤታችን ቁጭ ብዬ ራሴ የጻፍኩትን ዲበገር እየሞከርኩ ነበር። ሌላ ፕሮግራም እግር በእግር እየተከታተለ ስህተት የሚፈልግ ፕሮግራም ነው።

ዲበገሬ ይከታተለው የነበረው ፕሮግራም መሃል ላይ ራሱን በሌላ ፕሮግራም ተካ። ኮምፒውተሩ የሰጠው መለያ ቁጥር ያው ነው፣ ውስጡ ሌላ። ዲበገሬ አሁንም የድሮውን ይፈልጋል።

ይህን ለአባቴ ሳስረዳው፣ «በደርግ ጊዜ ቀበሌ አንድ ጎረቤታችንን ተከታተል ብሎኝ ነበር» አለ። ነግሮኝ አያውቅም።

አባቴ ከኋላ ሲከተለው፣ ሰውየው ዊንጌት አካባቢ አንድ ቤት ገባ። ሲወጣ ጠምጥሞ፣ መስቀል ይዞ፣ ቄስ ሆኗል።

«አላወቅከውም፣ አባዬ?»

«እንዴት አላውቀውም? መስቀሉን ተሳልሜ ተመለስኩ። ቀበሌ ስጠየቅ ከገባበት አልወጣም አልኩ።»

ደርግ ሲወድቅ ሰውየው ወደ ሰፈር በደህና ተመለሰ።

ዲበገሩን አስተካክዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አያመልጠውም። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

የእናንተስ ወላጆች አይተው እንዳላዩ ያለፉት ሰው አለ? እስቲ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ።